ውኃን ሽቅብ የሚያወጣው ፓምፑ ነው ወይስ አየሩ?



ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ምሥራቅ በኩል ወደ ፎገራ ሜዳ የሚጓዝ ሰው፣ በበጋ ወራት በጉማራና በርብ ወንዞች አፋፍ ላይ ትንንሽ የውኃ ሞተሮች ሲያጓሩ ይሰማል። ገበሬው የክረምቱን ሩዝ ከሰበሰበ በኋላ ሽንኩርቱንና ሌላውን አትክልት የሚያለማው በነዚሁ ሞተሮች ነው። ሞተሩ ውኃውን ያወጣለት እንደሆነ ዓመቱን ደስ ብሎት ይከርማል፤ ያላወጣለት እንደሆነ ግን ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለነዳጅ የከፈለው ገንዘብ ከችግኙ ጋር አብሮ ይደርቃል።

ታዲያ አንዳንድ ጊዜ ሞተሩ ደኅና፣ ነዳጁ ሙሉ፣ ቱቦውም አዲስ ሆኖ ሳለ ውኃው አልወጣ ይላል። ገበሬው ሞተሩን ያማርራል፤ ሻጩም በገበሬው አያያዝ ያሳብባል። ጥፋቱ ግን የማንኛቸውም ሳይሆን ፓምፑ የተቀመጠበት ከፍታ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመረዳት አስቀድመን ፓምፕ ውኃን እንዴት እንደሚያወጣ መመርመር ያስፈልገናል።

ሁላችንም ፓምፕ ውኃን ይስባል እንላለን። ነገሩን ስንመረምረው ግን ፓምፕ ውኃን አይስብም። ለማስረጃ የሚሆን በቤታችን ልንሠራው የምንችለው ቀላል ፈተና አለ። በጠርሙስ ያለ ለስላሳ መጠጥ በቀጭን መምጠጫ ሲመጠጥ ያለ ችግር ይወጣል። እስከ አፉ የሞላውን ጠርሙስ በመምጠጫው ዙሪያ በሊጥ ወይም በሰም አጥብቀን ብንደፍነው ግን የቱንም ያህል ብንመጥ አይወጣልንም። ጉልበታችን አልቀነሰም፤ የቀረው ከላይ ሆኖ መጠጡን ይጫን የነበረው አየር ነው። እኛ ያደረግነው በመምጠጫው ውስጥ ያለውን አየር ማስወገድ ብቻ ነበር፤ መጠጡን ገፍቶ ወደ አፋችን ያደርስ የነበረው የውጭው አየር ነው። ፓምፕም እንዲሁ በቱቦው ውስጥ ባዶ ቦታ ይከፍታል፤ በሐይቁ ፊት ላይ የተጫነው አየር ደግሞ ውኃውን ወደዚያ ባዶ ቦታ ይገፋዋል።

የአየር ጉልበት ግን ወሰን አለው። በ17ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር ፓምፕ ሠሪዎች ውኃው ከ10 ሜትር ገደማ በላይ አልወጣ ሲላቸው ተቸገሩ። ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ የተባለው ሊቅ በ1643 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ምክንያቱን በባዜቃ አስረዳ፤ የውጭው አየር በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ሊሸከም የሚችለው ባዜቃ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን አሳየ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ይህንኑ መሣሪያ በእኅቱ ባል አማካይነት ፒዩይ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ አስወጣው፤ ባዜቃውም በተራራው ራስ ላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከበላያችን ያለው አየር ያንሳል፤ ግፊቱም ይደክማል ማለት ነው።

ይህ ነገር እኛን ደጋ ነዋሪዎችን በቀጥታ ይመለከተናል። በባሕር ጠረፍ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው ባሕር ዳር ግን የሚጫነው 830 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ በጠረፍ እስከ 10 ሜትር የሚገፋው ውኃ በጣና ዳር ከ8 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ አያልፍም፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ከ8 ሜትር በታች ነው። ይህም ፓምፑ ፍጹም ባዶ ቦታ መፍጠር ቢችል ነው። ቱቦው ስለሚያስተነፍስ፣ ውኃውም ከቱቦው ጋር ስለሚፋተግ በሥራ ላይ የሚተማመኑበት ከፍታ 6 ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። በፓምፕ መግለጫ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ሜትር ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር የሚታሰበው በባሕር ጠረፍ ነውና፣ በጣና ዳርቻ ሁለት ሜትር ያህል ሊቀነስለት ይገባል።

ሕጉ ለሁሉም አገር አንድ ነው። በካናዳ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ፈሳሽ የሚሰበስቡ ገበሬዎች በባዶ አየር ፓምፕ ዳገት ያወጡታል፤ እነርሱም ቢሆኑ ለወጡት ከፍታ ሁሉ ከፓምፑ ኃይል ይከፍላሉ።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ጣና በመስከረም ከሞላ በኋላ እስከ ሰኔ መግቢያ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ወንዞቹም ይቀንሳሉ። በኅዳር 5 ሜትር ተለክቶ የተተከለ ፓምፕ ሰብሉ ውኃ በጣም በሚሻበት ጊዜ ከወሰኑ አልፎ ይገኛል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለበትም። ፓምፕ ወደ ራሱ ለማስመጣት የአየር ጥገኛ ነው፤ ከራሱ ወደ ላይ ለመግፋት ግን በሞተሩ ጉልበት ስለሚሠራ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ፓምፑን ወደ ውኃው አቅርቦ ረጅሙን ከፍታ በመግፊያው ቱቦ በኩል ማድረግ ይገባል። የመምጠጫው ቱቦ የውጭ አየር የማይጨፈልቀው ጠንካራ፣ መጋጠሚያውም የማያስተነፍስ ይሁን፤ ከጫፉም ውኃ አስገብቶ የማይመልስ ክዳን ይኑረው። ሞተሩም ራሱ በስሱ አየር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል እንደሚያጣ ማሰብ ያሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተርን ለማቅረብ ሲባል ወደ ጕድጓድ ማውረድ ፈጽሞ አይገባም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት በውስጡ ያለውን ሰው ሳያስታውቅ ይገድላል። ለጥልቅ ጕድጓድ የሚስማማው በውኃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን ለገበሬ ማኅበር የፓምፕ ግዥ የምናዘጋጅና የምንፈርም ሁሉ ስለ ዋጋውና ስለ ፈረስ ጉልበቱ ከመጠየቃችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ፓምፑ ከውኃው ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል? ውኃውስ በግንቦት ወር የት ይደርሳል? መልሱ የሚገኘው ከወንዙ አፋፍ በገመድና በሜትር ነው።