አመጋገብዎን አስተካክለው ስፖርት እየሠሩ ክብደትዎ ለምን ከፍ ዝቅ ይላል?

ሦስት ሳምንት ሙሉ እራትዎን ቀንሰዋል፣ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ፣ በየጠዋቱ ፈጠን ብለው በእግር ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ቀነሱ። በሁለተኛው ምንም ለውጥ አልነበረም። በሦስተኛው ግን ሚዛኑ 1 ኪሎ ጨምሮ ጠበቀዎት። ብዙ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው ጥረታቸውን የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው ግን የጨመረው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። አልፎ አልፎ ደግሞ የክብደት ለውጥ የበሽታ ምልክት ይሆናል። ሁለቱን መለየት እንዲችሉ ከዚህ በታች በዝርዝር እንመልከት።

ሚዛን የሚያሳየው ምንድን ነው?

ሚዛን ስብን ለይቶ አይለካም። ጡንቻ፣ አጥንት፣ ውሃ፣ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብና ያልወጣ ሰገራ ሁሉ አብረው ይመዘናሉ። አንድ ሊትር ውሃ ጠጥተው ወዲያው ቢመዘኑ 1 ኪሎ ይጨምራሉ። በጤነኛ ሰው ላይ ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው።

አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት 1 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትዎ ከሚፈልገው በላይ 7,700 ካሎሪ መብላት ነበረብዎት። ይህ ለብዙ ሰው የሦስት ቀን ምግብ ነው።

የተለመዱት ምክንያቶች

• የተጠራቀመ ስኳርና ውሃ። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እንጀራ፣ ዳቦና ፓስታ ሲቀንሱ ክምችቱ ስለሚያልቅ ውሃው አብሮ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚታየው ፈጣን መቀነስ በአመዛኙ ይህ ነው። አንድ ቀን በደንብ ሲበሉ ደግሞ ውሃው ይመለሳል።

• ጨው። ጨው ውሃን በሰውነት ውስጥ ይዞ ያስቀምጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ነው። የፋሲካ ወይም የኢድ ማግስት ሚዛን ላይ ወጥተው ቢደነግጡ፣ ከዶሮ ወጡና ከጥብሱ ጋር የገባውን ጨው ያስታውሱ።

• አዲስ የጀመሩት ስፖርት። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ በጥቃቅኑ ይጎዳል፤ ለመጠገንም ውሃ ይስባል። ሰውነትዎ የሚያማቸው እነዚያ ቀናት ክብደት የሚጨምርባቸው ቀናትም ናቸው። ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ ይስተካከላል።

• የወር አበባ። ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ውሃ ስለሚይዙ ይጨምራሉ። ክብደትዎን ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ጊዜ ጋር ያወዳድሩ።

• የሆድ ድርቀት። ምግብ ሲቀነስና ውሃ በደንብ ካልተጠጣ ይከሰታል።

• የሰውነት መላመድ። 85 ኪሎ የነበረ ሰው 77 ሲገባ ሰውነቱ የሚፈልገው ጉልበትም ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ያስቀነሰው ምግብ አሁን ባለበት የሚያቆመው ሊሆን ይችላል።

• መድኃኒቶች። ኢንሱሊን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ በመርፌ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያና አንዳንድ የአእምሮ ጤና መድኃኒቶች ክብደት ሊጨምሩ ይችላሉ። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ግን አያቋርጧቸው።

እንዴት ይመዘኑ?

1. ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ።
2. ሁልጊዜ አንድ ሚዛን ይጠቀሙ፤ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ያድርጉት። ዛሬ መንገድ ዳር፣ ነገ ፋርማሲ፣ በጫማና በጃኬት የተመዘኑት ቁጥር አይወዳደርም።
3. በየቀኑ ከተመዘኑ የሰባቱን ቀን ደምረው ለ7 ያካፍሉ። የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያወዳድሩ።
4. ወገብዎን በሜትር ይለኩ። ኪሎው ባለበት ቆሞ ቀበቶዎ አንድ ቀዳዳ ከጠበበ፣ ስብ እየቀነሰ ጡንቻ እየተተካ ሊሆን ይችላል።

በአማካይ በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ጥሩ ፍጥነት ነው። አማካዩ ለአንድ ወር ያህል ካልተንቀሳቀሰ፣ የሚጠቀሙትን ዘይት፣ መክሰስና ጣፋጭ መጠጥ መልሰው ይመርምሩ።

የማይመከሩ ነገሮች

ሽንት የሚያበዙ ኪኒኖች፣ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶችና «ማቅጠኛ» ተብለው የሚሸጡ ሻዮች የሚያስወጡት ውሃ ነው። ስብ አይነኩም። በላስቲክ ተጠቅልሎ ማላብም እንዲሁ ነው። ፖታሲየም ከመጠን በላይ ሲወርድ ደግሞ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

የስኳር ሕመም ኖሮብዎት ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ፣ ምግብ ሲቀንሱ ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል። አመጋገብዎን ከመቀየርዎ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ክብደት ሲጨምር፦
• በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ጨምረው እግርዎ ካበጠና በጣት ሲጫኑት ከተሰረጎደ፣ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።
• ነፍሰ ጡር ሆነው ፊትዎና እጅዎ በድንገት ካበጠ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።
• ቀስ እያለ ከጨመረና ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የቆዳ ድርቀት ካለ፣ የታይሮይድ ዕጢዎ ይመርመር።

ክብደት ሲቀንስ፦
በዚህ በኩል የሚዘነጋ አደጋ አለ። ዳይት ላይ ያለ ሰው ሲቀንስ ሁሉም «እሰይ፣ አማረብህ» ይለዋል፤ በሽታውም በምስጋና ተሸፍኖ ይቆያል። ከልፋትዎ በላይ እየቀነሱ ከመሰለዎት፣ ወይም ዳይቱን ካቆሙ በኋላም መቀነሱ ከቀጠለ ይመርመሩ። በተለይ፦
• ውሃ ጥምና ሽንት መመላለስ ካለ፣ የስኳር ሕመም ሊሆን ይችላል።
• ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የማታ ላብና ትኩሳት ካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።
• ልብ የሚመታ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ፣ ሙቀት የማያስችል ከሆነ፣ የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ሊሆን ይችላል።

ሳያስቡት ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደትዎ 5 በመቶ ከቀነሱ (70 ኪሎ ለሆነ ሰው 3.5 ኪሎ ማለት ነው) ሌላ ምልክት ባይኖርም መታየት ያስፈልጋል።

ቤተሰብም ሊያግዝ ይችላል። በየቀኑ «ስንት ገባህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ አብሮ በእግር መሄድና የወጡን ጨውና ዘይት መቀነስ ይረዳል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የክብደትዎን መዝገብና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ የአንድ ወር መዝገብ ከአንድ ቀን ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል።