ማህተሙ ያስገባል እንጂ አያሠራም

ሞያሌ ላይ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ መግባት ቀላል ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ቪዛ አይጠየቅም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው የኬንያ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በመረቁት የጋራ የድንበር ኬላ ተሰልፎ፣ ማህተም አስመትቶ ያልፋል። ከዚያ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው። ደላላ ለተመራቂ የሚሸጠውም ይህንኑ ቅለት ነው። ማንም በነጻ የሚያገኘውን የመግቢያ ማህተም "የሥራ ቪዛ" ብሎ ዋጋ ያወጣለታል።

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ሰነድ እየተረጎመና ማመልከቻ እያዘጋጀ የሚተዳደር አንድ ባለሙያ አለ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ስለሚያውቅ ነጋዴው የጉምሩክ ወረቀቱን፣ የከብት ሻጩ ውሉን ይዞ ይመጣበታል። አሁን አሁን ግን ደጁን የሚያዘወትሩት ተመራቂዎች ናቸው። ከሐዋሳ፣ ከዲላ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የወጡ፣ ቴምፖና ስቱደንት ኮፒያቸውን በፕላስቲክ ፋይል የያዙ ወጣቶች። ጥያቄያቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ "ጋሼ፣ ይቺን ደብዳቤ እስቲ ይዩልኝ።"

ደብዳቤዋ አርማ አላት፣ ፊርማ አላት። ናይሮቢ ያለ የግንባታ ድርጅት ልጁን ሳይት ኢንጂነር አድርጎ እንደቀጠረው ትናገራለች። ደመወዙ በዶላር ተጽፏል፤ መኖሪያ ቤትም ይሰጠዋል። ግርጌው ላይ ደግሞ "የሥራ ፈቃድ ማስፈጸሚያ" የሚል ክፍያና አንድ የስልክ ቁጥር ሰፍሯል። የባለሙያው ዓይን አርማውን አልፎ በቀጥታ የሚያርፈው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። የኬንያ መንግሥት ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአገልግሎት ክፍያዎቹን የሚሰበስበው ኢሲቲዝን በተባለው ድረ ገጽ በኩል ሲሆን የኤምፔሳ የክፍያ ቁጥሩም አንድ ነው፤ 222222። የኢሚግሬሽን ክፍያ በግለሰብ ስልክ አይላክም። ባለሙያው ስልኩን አውጥቶ ገንዘብ እንደሚልክ ሰው ቁጥሩን ያስገባል፤ ኤምፔሳ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ስለሚያሳይ ስሙ ብቅ ይላል። "ይኼማ እኔን ያመጣኝ ሰውዬ ነው" ይላል ልጁ።

ገንዘቡ ቀድሞ የተላከ ከሆነ ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል።

እውነተኛው የሥራ ፈቃድ መንገዱ ሌላ ነው። ኬንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ለተቀጣሪ የሚሰጠው ፈቃድ "ክላስ ዲ" ይባላል። ጉዳዩን የሚያንቀሳቅሰው ቀጣሪው ነው። ድርጅቱ መመዝገቡንና ግብር መክፈሉን ያሳያል፤ ለቦታው የሚሆን ኬንያዊ በገበያው አለመገኘቱን ያስረዳል፤ ሙያውን ቀስ በቀስ የሚረከብ ኬንያዊ ተተኪም ያቀርባል። የዓመቱ ክፍያ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሽልንግ ይተመናል። ትናንት ለተመረቀ፣ የሥራ ልምድ ለሌለው ልጅ ይህን ሁሉ ወጪና ውጣ ውረድ የሚቀበል ድርጅት ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ያለ ፈቃድ በአገሪቱ ሲኖር የተገኘ የውጭ ዜጋን ደግሞ ያው ሕግ እስከ 500,000 ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ያስፈርድበታል።

ደላላው "ኬንያ ኢንጂነር አጥታለች" ይላል። ኬንያ ግን ራሷ ለገዛ ተመራቂዎቿ በውጭ አገር ሥራ እያፈላለገች ያለች አገር ናት። በ2021 እ.ኤ.አ. ነርሶቿን ለመላክ ከብሪታንያ ጋር ተስማማች፤ በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በርሊን በተገኙበት ከጀርመን ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈረመ። ባለሙያው ይህን ለልጆቹ የሚነግራቸው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ ለአንድ ክፍት ቦታ ከማን ጋር እንደሚወዳደሩ እንዲያውቁት ነው።

ሰነዱ እውነተኛ ሲሆንም ሥራው አያልቅም። ስቱደንት ኮፒው ላይ የመመረቂያው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ተጽፎ ከሆነ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀች ልጅ ለኬንያዊው ቀጣሪ በ2014 እ.ኤ.አ. የተመረቀች ትመስላለች። ፓስፖርቱ ላይ የተወለደችው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው ይላል፤ ስለዚህ በ14 ዓመቷ ዲግሪ የያዘች ሆና ትታያለች፤ ፋይሏም "የተጭበረበረ" ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ ዲግሪው ላይ በአያት፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ የፊደል አጣጣል የተጻፈ ስም ሁለት ሰው ይፈጥራል። ይህ መስተካከል ያለበት አገር ቤት ነው፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ፣ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ሞያሌ ከደረሱ በኋላ እስከ አዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ የመመለሻ ገንዘብ የላቸውም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ተመራቂውን ለደላላ የሚያጋልጠው ሞኝነት አይደለም። ሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሲነሣ የሚሰማው በአብዛኛው ወደ ዓረብ አገሮች ስለሚሄድ የቤት ሠራተኛ ስለሆነ፣ መሐንዲሱና ነርሷ ሕጉ እነሱን የሚመለከት አይመስላቸውም። ይመለከታቸዋል። አዋጅ ቁጥር 923/2008 ቀጥታ ቅጥርን በመርህ ይከለክላል፤ ከቤት ሠራተኝነት ውጪ በሆነ ሙያ በራሱ ጥረት ሥራ ያገኘ ሰው ግን ለሚመለከተው ሚኒስቴር አመልክቶ ሊፈቀድለት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ ሥልጣን ዛሬ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እጅ ነው። በኤጀንሲ በኩል ሲኬድም የመግቢያ ቪዛን፣ የሥራ ፈቃድን፣ የመኖሪያ ፈቃድንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ ቀጣሪው እንዲሸፍን ያው አዋጅ ያስገድዳል፤ የሠራተኛው ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የሰነድ ማረጋገጫና የሕክምና ምርመራ ያለው ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ "የሥራ ፈቃድ ማስፈጸሚያ ክፈል" የሚለውን መስመር ሲያነብ ደብዳቤውን ወደ ባለሙያ እንኳ ይዞ መሄድ አያስፈልገውም።

ናይሮቢ ደርሶ ሥራው ሐሰት የሆነበት ሰው ሁለተኛ ግብዣ ይቀርብለታል፤ ደቡብ አፍሪካ። መንገዱ በታንዛንያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ያልፋል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ላይ የተጫነ ኮንቴነር ሲከፈት የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ። ተጓዦቹ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ታምኗል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩ የአገሪቱ ፖሊስ ገለጸ። ባለሙያው እነዚህን ሁለት ቦታዎች ለእያንዳንዱ "ከናይሮቢ ወዲያ ያሻግሩኛል" ለሚለው ልጅ በስም ይጠራለታል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አይደለም፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ እንዲሰሙ ነው።

ከባለሙያው ደጅ ግን መልካም ዜና ጨርሶ አይጠፋም። ከቦረና የመጣች አንዲት ነርስ ናይሮቢ ያለ የሕክምና ድርጅት እንደሚፈልጋት የሚገልጽ መልእክት አሳየችው። ድርጅቱ በእርግጥ ያለ፣ ገንዘብም ያልጠየቀ ነበር። "እህቴ፣ ሥራሽን እንዳትለቂ" አላት፤ "መጀመሪያ የኬንያ ነርሶች ምክር ቤት ይመዝግብሽ፤ ቀጣሪውም የፈቃድ ማመልከቻውን አስገብቶ ቁጥሩን ይላክልሽ።" ነርሷ ዲግሪዋን አዲስ አበባ አስመስክራ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋን ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስጽፋ ማመልከቻዋን ላከች፤ መልሱን የምትጠብቀው ደመወዟን እየበላች ነው።

እንዲህ ያለውን ምክር አንድ ሰነድ አዘጋጅ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም። ኢትዮጵያና ኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. የልዩ ግንኙነት ስምምነት ፈርመዋል፤ የጋራ ኬላም ሠርተዋል። በዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ማህተም ከሚመታበት መስኮት አጠገብ፣ ሁለቱ መንግሥታት በአማርኛና በኦሮምኛ የሚመልስ የሥራ ጉዳይ ባለሙያ ቢመድቡ፣ የቀጣሪው ድርጅት ስም ኬንያ ውስጥ መመዝገቡንና የፈቃድ ማመልከቻ መግባቱን በኮምፒውተር አይቶ ለልጁ እዚያው ሊነግረው ይችላል፤ አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት።