አሮጌ ማሊያ ለመወልወያ አይሰጥም

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የምትኖሩ ከሆነ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ግቡና ለአንድ አፍታ ኳሱን ትታችሁ የሰዉን ደረት ተመልከቱ። የዘንድሮ ማሊያ የለበሰው ይበዛል፤ ግን ጥግ ላይ አንገቱ የረገበ፣ ቁጥሩ የተላጠ የለበሰ አይጠፋም። እሱን ሰውዬ አትሳቁበት።

የማሊያ ዲዛይን በየዓመቱ ይቀየራል። ደረት ላይ የሚጻፈው የስፖንሰር ስም ግን በውል ስለሚታሰር ለዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ ስሙን ካያችሁ ዘመኑን ታውቃላችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር እንሂድ፦ ማንቼ ላይ «ሻርፕ» ካለ ከ1982 እስከ 2000፣ «ቮዳፎን» እስከ 2006፣ «ኤአይጂ» እስከ 2010። ሞስኮ ላይ ቼልሲን በመለያ ምት ያሸነፉት በኤአይጂ ነው። አርሰናል ላይ «ኦቱ» ካያችሁ ከ2002 እስከ 2006፤ ሳይሸነፉ ዋንጫ የበሉት እዚያ ውስጥ ነው። በነገራችን ላይ በ2005/06 ቀዩን ትተው ወይን ጠጅ የለበሱት ሃይበሪ ስታዲየምን ለመሰናበት ነው። ለኛ ከዚያ የሚያምር ማሊያ አልተሠራም፤ የማንቼ ደጋፊ ይናደድ።

ብሔራዊ ቡድን ደረት ላይ ስፖንሰር ስለማይጻፍ የሚታየው የአምራቹ ምልክት ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን፣ በረኛችን በቀይ ወጥቶ፣ በአስር ሰው አዳነ ግርማ ሻምፒዮኗ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ አዲዳስ ነበር የለበስነው። በ2014 ካሜሩን ላይ ደግሞ አምብሮ።

አሁን ወደ ሰፈራችን። ሰበታ ከተማ በ2012 ፕሪሚየር ሊግ ላይ ይጫወት ነበር። የዚያ ዓመት ውድድር በኮሮና ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ዲኤስቲቪ ላይ መታየት ጀመረ፤ የሰበታ ልጅ የከተማውን ስም ከነ ማሊያው በቲቪ አየ። በ2014 ክለቡ ወረደ። በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሆኑ፤ ሰበታም ክፍለ ከተማ ሆነች። አያችሁ? የማንቼ የ1999 ማሊያ ዛሬም እየተመሳሰለ ይታተማል። «ሰበታ ከተማ» የሚለውን ግን ማን ያትመዋል?

የክለብ ስም መቀየር እኛ ሀገር አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ቡና ድሮ ቡና ገበያ ነበር፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ መብራት ኃይል፣ መቻል ደግሞ እስከ ቅርብ ጊዜ መከላከያ። የድሮውን ስም የያዘ ማሊያ ቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ያኔ ክለቦቻችን ለደጋፊ ማሊያ የመሸጥ ልማድ አልነበራቸውም። አሁን እንደ ጎፈሬ ያሉ የሀገር ውስጥ አምራቾች መጥተው ነገሩ ተሻሽሏል። አይካ አዲስን የሚያህል የጨርቅ ፋብሪካ የነበራት ሰበታ ግን ልጆቿ የታይላንድ ቅጂ ለባሽ ናቸው፤ ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

አሮጌ ኦርጅናል የምትፈልጉ ሳልቫጅ ተራ ሂዱ፤ ከውጭ በቦንዳ ከሚመጣው ውስጥ አልፎ አልፎ ይገኛል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ስላለ አትመኑት። ውስጡ ጎን ስፌቱ ላይ ትንሽ ጨርቅ ምልክት አለች፤ የናይኪና የአዲዳስ የምርት ኮድ እዚያ ላይ አለ። ኮዱን ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። የሚወጣው ፎቶ ሌላ ማሊያ ወይም ጫማ ከሆነ ፎርጅድ ነው፤ ቅጂ አምራቾች አንዱን ኮድ ሁሉም ላይ ይለጥፉታል። ኮዱ ቢገጥምም ስፌቱንና ህትመቱን ከፎቶው ጋር አስተያዩ።

ያለችሁን ደግሞ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አስጡ፣ ቁጥሩ ላይ ካውያ አታሳርፉ። የ2012፣ የ2013 ወይም የ2014 የሰበታ ከተማ ማሊያ ያላችሁ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ሰብስበን እንለጥፋለን።