ጠቋሚ ውሻ፦ ለአደን ሜዳና ለቤተሰብ ሳሎን

አንድ ውሻ በረጅም ሣር ውስጥ ራሱን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አቅንቶ ይሮጣል። ወዲያው ሳይታሰብ እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንገቱ ወደ ፊት ተስቧል፤ ጅራቱ ደርቋል፤ አንደኛው የፊት እግሩ ታጥፎ ከመሬት እንደ ተነሣ ቀርቷል። አይጮኽም፤ አይዘልም። ከአፍንጫው ፊት ለፊት፣ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ የሰው ዐይን የማያየው ወፍ ሣሩ ሥር አድፍጧል። አዳኙ መሣሪያውን ይዞ ከጎኑ እስኪደርስ ድረስ ውሻው በዚያው ሁኔታ ይጠብቃል።

ይህን ባህርይ በውርስ ይዘው የሚወለዱ ውሾች ጠቋሚ ውሾች ይባላሉ። በአገራችን ውሻ በአመዛኙ የሚታወቀው በግቢ ጠባቂነቱ ስለሆነ ጉዳዩ ለብዙ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ግን አንድ የስልክ ጥሪ ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረና ኑሮውን በአሜሪካ ሚኒሶታ ያደረገ ወዳጄ፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በየዓመቱ በመከር ወቅት ፌዛንት የተባለውን ባለ ረጅም ጅራት ወፍ ማደን ከጀመረ ሰነባብቷል። አሁን የራሱ ውሻ እንዲኖረው ፈልጓል። የአራትና የሰባት ዓመት ልጆች አሉት፤ ባለቤቱ ደግሞ የውሻ ቦታ በር ላይ እንጂ ምንጣፍ ላይ አይደለም እየተባለች ያደገች ናት። «ሜዳ ላይ አዳኝ፣ ቤት ውስጥ የልጆች ጓደኛ የሚሆን እፈልጋለሁ። አንተ የእንስሳት ባህርይ ታስተምር የለ? እስቲ የቱን ልግዛ?» አለኝ። ልቡ ግን አስቀድሞ አንዱን መርጦ ነበር። ቫይማራነር የተባለውን፣ ብርማ ግራጫ ፀጉር ያለውን የጀርመን ዝርያ ከፎቶግራፍ አይቶ ወድዶታል።

ውሻ አሥራ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። በመልኩ ተመርጦ ገብቶ፣ ዓመት ሳይሞላው «አልቻልነውም» ተብሎ ለሌላ የሚተላለፍ ውሻ ደግሞ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው ውሳኔ ውሻውንም ልጆቹንም ይጎዳል። ስለዚህ ለመልሴ የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቅሁት።

የተቋረጠ አደን

ተኩላ ሲያድን ድርጊቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ ያያል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል፣ ይበላል። ሬይመንድና ሎርና ኮፒንጀር የተባሉ የውሻ ባህርይ ተመራማሪዎች በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ሰው በየዘመኑ ለየሥራው ያራባቸው የውሻ ዝርያዎች የዚህን ሰንሰለት አንዳንድ ቀለበቶች አጠንክረው፣ ሌሎቹን አላልተው የያዙ ናቸው። የበግ እረኛው ውሻ ማየቱ፣ ማድባቱና ማሳደዱ ጎልቶ መንከሱ ደክሟል። በጠቋሚው ውሻ ደግሞ ከማሳደድ በፊት ያለችው አጭር የማድቢያ ቅጽበት ተለጥጣ ረጅም ቆይታ ሆናለች። ጥቆማ ማለት እንግዲህ መሐል ላይ የተቋረጠ አደን ነው።

ይህ ቆይታ ውጤት የሚያስገኘው በወፉም ጠባይ ምክንያት ነው። በአማርኛ ነቅቶ ራሱን የሚጠብቅ ሰው «ቆቅ» ይባላል። ቆቅና የቆቅ ዘመዶች አደጋ ሲሰማቸው ቶሎ ብድግ ብለው አይበሩም፤ ቀለማቸው ከሣሩ ጋር ስለሚመሳሰል መጀመሪያ መሬት ላይ ተለጥፈው ዝም ማለትን ይመርጣሉ። ከዐይን ሊሰወሩ ይችላሉ፤ ከአፍንጫ ግን አይሰወሩም።

ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው ስለ ዝርያዎች አመጣጥ በሚያትተው መጽሐፉ ጠቋሚ ውሾችን ለደመ ነፍስ ውርስ ምሳሌ አድርጎ ጠቅሷቸዋል። ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የወጡ ወጣት ውሾች አንዳንዴ ማንም ሳያስተምራቸው እንደሚጠቁሙ፣ ከዚያም አልፎ ሌላ ውሻ ሲጠቁም አይተው እነርሱም ከኋላው እንደሚቆሙ ጽፏል፤ ራሱም አንድ አስገራሚ አጋጣሚ ማየቱን ይናገራል። የዘር ውርሱ በየትኛው የሞለኪውል መንገድ እንደሚሠራ የመመርመሩ ሥራ የተጀመረው ግን በቅርቡ ነው። በ2015 በጀርመን ቦኹም ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሁለት ጠቋሚ ዝርያዎችን ከሁለት እረኛ ዝርያዎች ጋር አነጻጽረው፣ በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኙ ሁለት ዘረ-መሎች ለጥቆማ ባህርይ አስተዋጽኦ ሊኖራቸው እንደሚችል አመልክተዋል። «ሊኖራቸው ይችላል» የሚለው ቃል ሊሠመርበት ይገባል፤ እንዲህ ያለ ውስብስብ ባህርይ በሁለት ዘረ-መሎች ብቻ ይቀረጻል ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

የመሬት ሥሪትና የውሻ ዝርያ

ጠመንጃ ከመለመዱ በፊት በአውሮፓ ወፍ የሚያዘው በመረብ ነበር። ውሻው ወፎቹን አሽትቶ መሬት ላይ ይተኛል፤ አዳኞቹ መረቡን ይጥላሉ። ሴተር የተባሉት ባለ ረጅም ፀጉር ዝርያዎች የዚህ ሥራ ልጆች ናቸው። ጠመንጃ ሲመጣ ቆሞ የሚጠቁም ውሻ ተመራጭ ሆነ። የዳርዊን መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ኒውካስል በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ የተካሄደው የመጀመሪያው መደበኛ የውሻ ትርኢት ለውድድር ያቀረበው እነዚህኑ ጠቋሚዎችና ሴተሮችን ብቻ ነበር።

ለወዳጄ ጥያቄ ቁልፉን ያገኘሁት ግን እንግሊዝንና ጀርመንን ሳነጻጽር ነው። የእንግሊዝ ባላባት ሰፊ ርስትና ብዙ ውሾች ነበሩት። አንዱ ውሻ ይጠቁማል፤ የወደቀውን ወፍ ሌላው ያመጣል፤ ማታ ሁሉም ለብቻው በተሠራ የውሻ ቤት ከጠባቂዎቻቸው ጋር ያድራሉ። በሰፊ ሜዳ ላይ እጅግ ርቆ የሚያስስ፣ አንድ ሥራ ብቻ በላቀ ደረጃ የሚሠራ ውሻ የተራባው ለዚህ ኑሮ ነው። በጀርመን ግን በ1848ቱ አብዮት የመሳፍንቱ የአደን ልዩ መብት ከተሻረ በኋላ አደን የደን ጠባቂውና የመለስተኛው ባለመሬት ጭምር ሆነ። እነዚህ ሰዎች ብዙ ውሻ የመቀለብ አቅም አልነበራቸውም። አንዱ ውሻ ወፍ ይጠቁማል፣ የወደቀውን ከውኃ ያወጣል፣ የቆሰለ አጋዘን በደሙ ዱካ ተከትሎ ያገኛል፤ ማታ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ምድጃ ዳር ይተኛል። አጭር ፀጉር ያለው የጀርመን ጠቋሚ፣ ኩርትስሃር የሚባለው፣ የተቀረጸው በዚህ ፍላጎት ነው። የፈተናዎቹን ሥርዓት የሚመራው የጀርመን የአደን ውሾች ማኅበራት ኅብረት በ1899 ተቋቋመ።

እንግዲህ «የቤተሰብ ውሻ» እና «የአደን ውሻ» የሚሉት ሁለት ፍላጎቶች የግድ የሚጣሉ አይደሉም። ጥያቄው ውሻው ለየትኛው አደንና ለየትኛው ኑሮ ተራባ የሚለው ነው።

የሚኒሶታው ፌዛንት

ፌዛንት የአሜሪካ ተወላጅ አይደለም፤ በ1880ዎቹ ከቻይና ወደ ኦሪገን ገብቶ የተራባ ወፍ ነው። ጠባዩም ከቆቅ ይለያል፤ አድፍጦ ከመቆየት ይልቅ በሣርና በሸንበቆ መካከል እየሮጠ ያመልጣል። ቢቆስልም ይሮጣል። ስለዚህ የሚፈለገው ከአዳኙ ብዙ የማይርቅ፣ የሚሮጥን ወፍ ዱካ ረጋ ብሎ የሚከተልና የቆሰለውን አግኝቶ የሚያመጣ ውሻ ነው። በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በፈረስ ላይ ሆኖ ድርጭት ለማደን ተወዳዳሪ የሌለው እንግሊዛዊው ፖይንተር ለወዳጄ ሥራ አይመችም። በከተማ ዳር ጠባብ ግቢ ውስጥም ለእርሱም ለጎረቤትም ጭንቀት ይሆናል።

የወደደውን ቫይማራነርን በተመለከተ አልሸሸግሁትም። ዝርያው ችሎታ አለው፤ ነገር ግን ትልቅ፣ ጉልበተኛ፣ ከጌታው መለየት የማይወድ፣ ጥበቃም የሚቀናው ውሻ ነው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ ዝናው በገነነበት ወቅት መልኩን አይተው የወሰዱት ብዙዎች ናቸው። የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቫይማራነር ሃይዲ የኋይት ሐውስን ምንጣፍ በማበላሸቷ ወደ ጌቲስበርግ እርሻቸው እንደ ተላከች ይነገራል። ፕሬዚዳንቱ የሚልኩበት እርሻ ነበራቸው፤ ወዳጄ የለውም። ከዚህም በላይ ደረተ ጥልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ ለሚጠማዘዝበት ድንገተኛ ሕመም የተጋለጡ ናቸው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

የሃንጋሪው ቪዥላ ገርና ለሰው ቅርብ ነው፤ በቤት ውስጥ ከእግር ሥር አይለይም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረ ዝርያ መሆኑም ያሳሳል። ነገር ግን የውስጥ ፀጉር ስለሌለው የሚኒሶታ ብርድ ይፈትነዋል። ኩርትስሃር ለፌዛንት ሁነኛ ነው፤ በየቀኑ ረጅም ሩጫ ካላገኘ ግን ጉልበቱን በቤት ዕቃ ላይ ይጨርሳል። ሴተሩ የዋህ ነው፤ ከአደን መልስ ረጅም ፀጉሩን ከተጣበቀበት ጭንጎ ማጽዳት የማታ ሥራ መሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

በእኔ ግምት ለዚህ ቤተሰብ የተሻለው ብሪታኒ ነው። ከሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ የብሪታኒ ገጠር የተገኘ፣ ከ14 እስከ 18 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከጠቋሚዎች ሁሉ አነስ ከሚሉት አንዱ ነው። ቀርቦ ያድናል፤ ያመጣል፤ ፀጉሩም ለብርድ ይበጃል። ጉድለቱ ሆደ ባሻነቱ ነው፤ በጩኸትና በዱላ የሚሠለጥን ብሪታኒ ይሰበራል። ወዳጄ ድምፁ ከፍ ያለ ሰው ስለሆነ ይህን ሁለት ጊዜ ደግሜ ነገርሁት።

ከዝርያ ባሻገር

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ የምክሬን ግማሽ የሚያፈርስ ጥናት ማንሣት ግዴታዬ ነበር። በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ምርምር ከ18,000 በላይ ውሾች ባለቤቶች የሞሉትን መጠይቅ ከ2,000 በላይ ከሚሆኑ ውሾች የዘረ-መል ንባብ ጋር አገናዝቧል። በውጤቱ መሠረት ዝርያ የሚያስረዳው በግለሰብ ውሾች መካከል ከሚታየው የባህርይ ልዩነት 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ለትእዛዝ በመገዛት ረገድ በዝርያዎች መካከል ጎላ ያለ ልዩነት አለ። ውሻው ሲፈራ ወይም ሲመቸው ያልቻለ ነገር ሲገጥመው ምን ያህል ቶሎ እንደሚቆጣ ግን በዝርያው መገመት አይቻልም ማለት ይቻላል። የአራት ዓመት ሕፃን ላለበት ቤት ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስበው ይኸው ነው።

ስለዚህ የዝርያው ስም ሜዳውን ይመልሳል፤ ሳሎኑን የሚመልሱት ወላጆቹና አስተዳደጉ ናቸው። ወዳጄን የቡችላዋን እናት፣ ቢቻል አባቱንም፣ ሄዶ እንዲያይ መከርሁት፤ በዓይነ ሥጋ ካላየ እንዳይገዛ። እናቲቱ እንግዳ ስትቀበል እንዴት ናት? አዳኝ ናት ወይስ የትርኢት ውሻ ብቻ? የወላጆቹ የዳሌ መገጣጠሚያ በኤክስሬይ ተመርምሯል? ስኮትና ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በሜይን ባካሄዱትና በ1965 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ቡችላ ሰውንና አካባቢውን በቀላሉ የሚላመድበት ዕድሜ በግምት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው። የዚህ ጊዜ ገሚሱ የሚያልፈው በአርቢው ቤት ነው። በበረት ውስጥ ብቻውን ያደገና ከልጆች መካከል ያደገ ቡችላ፣ ዘራቸው አንድ ቢሆንም፣ አንድ ዓይነት ውሻ አይወጣቸውም። የጥይት ድምፅም እንዲሁ ከሩቅና በቀስታ መለመድ አለበት፤ በጆሮው አጠገብ በድንገት የተተኮሰበት ወጣት ውሻ ዕድሜ ልኩን ጠመንጃ ሲያይ ሊሸሽ ይችላል።

አንድ ቅድመ ሁኔታም ጨመርሁ፤ ባለቤቱ አብራው ካልሄደች ጉዳዩ ይቅር።

አብራው ሄደች። ከሦስት አርቢዎች ሁለቱን ያልተቀበለችው እርሷ ናት፤ አንደኛው እናቲቱን ሊያሳያቸው ስላልፈለገ፣ ሁለተኛው ቤት ቡችሎቹ ሰው ሲያዩ ጥግ ይዘው ስለ ተንቀጠቀጡ። ከሦስተኛው አርቢ ብርቱካንማና ነጭ የሆነች የብሪታኒ ቡችላ ይዘው ተመለሱ። አዳሯ መጀመሪያ ጋራዥ ውስጥ እንዲሆን ተወስኖ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ኮሪደር፣ በአራተኛው ወደ ልጆቹ ክፍል ተዛወረች።

ባለፈው ጥቅምት ወዳጄ በድጋሚ ደወለልኝ። ቡችላዋ ሰባት ወር ሆኗታል፤ ወደ አደን ሜዳ ገና አልወጣችም። በዚያ ዕለት ጠዋት ግን ከቤታቸው ጓሮ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ድንቢጥ ሸትቷት አንድ እግሯን አጥፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለቱ ልጆች ከኋላዋ ደርሰው፣ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው፣ እንደ እርሷው ቀጥ ብለው ቆሙ። ባለቤቱ በመስኮት እያየች ስልኳን እስክታነሣ ድረስ ድንቢጧ በራለች።