ምን እንይ? እንዴትስ እንይ?
ሳይንሳዊ ፊልሞች ለአጥቢያ አገልግሎት

ዛሬ ወጣቱ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ከመድረሱ በፊት በእጅ ስልኩ ብዙ ነገር አይቶ ይመጣል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «ይይ ወይስ አይይ» የሚል ሊሆን አይችልም። ማን ይመርጥለታል፣ ማንስ ያብራራለታል የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለአጥቢያ ትምህርት ይጠቅማሉ ያልናቸውን አራት ሥራዎች ከአጠቃቀማቸው ጋር እናቀርባለን። በምርጫችን የተከተልነው መመዘኛ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚታየው ነገር አጥቢያው በእጁ ካለው ሀብት ወይም ሥራ ጋር የሚገናኝ እንዲሆን ነው።

የጨረቃ ዑደትና ባሕረ ሐሳብ

የመጀመሪያው የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ በየዓመቱ የሚያወጣው የጨረቃ ገጽታ ቪዲዮ ነው። ንግግር ስለሌለበት አስተርጓሚ አያሻውም። ጨረቃ ከሠርቅ እስከ ሙሉነት፣ ከሙሉነትም እስከ ጎዶሎነት የምታልፍበትን የዓመቱን ዑደት ሁሉ በጥቂት ደቂቃዎች ያሳያል።

በዚህ ጊዜ የባሕረ ሐሳብ መምህር ከማሳያው አጠገብ ቢቆሙ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል። ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀናት ያህል ናቸው፤ የፀሐይ ዓመት ግን 365 ቀናት ከሩብ ገደማ ነው። የሁለቱ ልዩነት 11 ቀን ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ጥንተ አበቅቴ ብለው የሚነሡበት ቁጥር ይኸው ነው። ፀሐይና ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ወደ ተቀራራቢ ቦታቸው መመለሳቸውም የንዑስ ቀመር መሠረት ነው። ወጣቱ ይህን ሲያይ ሳይንስ ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሰማይን ስትቆጥር እንደኖረች ይረዳል።

የዐፀዱ ደን

ሁለተኛው በጄረሚ ሳይፈርት የተዘጋጀውና ስለ ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚናገረው አጭር ፊልም ነው። የደን ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በፊልሙ ይገኛሉ። በእርሻና በግጦሽ መሬት መካከል እንደ ደሴት የቀሩት ደኖች ከላይ ሲታዩ የሚሰጡት ስሜት ከብዙ ስብከት ይልቅ ያሳስባል።

ፊልሙን ተከትሎ ሊብራራ የሚገባው የደን ጠርዝ ጉዳይ ነው። ጠርዙን ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፤ ከብትም ገብቶ ችግኙን ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። በእያንዳንዱ ጎኑ 100 ሜትር የሆነ ደን ዙሪያውን 10 ሜትር ቢጎዳ፣ ከስፋቱ 36 በመቶው ተጎዳ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጎኑ 50 ሜትር የሆነው ግን በዚያው 10 ሜትር ጉዳት 64 በመቶውን ያጣል። ደን ሲያንስ ጉዳቱ የሚብሰው ስለዚህ ነው። ሰበካ ጉባኤ ለአዳራሽ፣ ለመቃብር ወይም ለማገዶ ጥቂት ዛፍ እንዲቆረጥ ሲወስን ይህን ስሌት አስቀድሞ ሊያየው ይገባል። ዙሪያውን በድንጋይ መካብ ከብትን ይከለክላል፤ ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳ ሲለቀምም ለአርሶ አደሩ የሚታረስ መሬት ይጨምርለታል።

ውኃን የሚይዝ ጉድጓድ

ሦስተኛው «በረሃን ያቆመው ሰው» የሚል ትርጉም ያለው እ.ኤ.አ. የ2010 ፊልም ነው። የቡርኪና ፋሶውን ገበሬ ያኩባ ሳዋዶጎን ሥራ ያሳያል። እርሱ በደረቁ ወራት ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ፍግ ይጨምርበታል፤ ምስጦች ፍጉን ፍለጋ መጥተው አፈሩን ይበሱታል፤ ዝናብ ሲመጣም ውኃው ከመሸርሸር ይልቅ በቀዳዳው ወደ ታች ይሰርጋል። ዘዴው በአካባቢው ሲሠራበት የኖረ ነበር፤ እርሱ አሻሻለው። የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላለባቸው አጥቢያዎች ይህ ፊልም ትልቅ መነሻ ይሆናል።

ለሕፃናት

ለሕፃናት ክፍል «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን ዝግጅት እንመክራለን። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በአማርኛ የቀረበ ሲሆን፣ በቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ስለ ጤናና ስለ አካባቢ ያስተምራል። ስለ ንጽሕና የሚናገረውን ክፍል ካሳዩ በኋላ ሕፃናቱን በዚያው ውኃና ሳሙና ይዞ እጅ ማስታጠብ ትምህርቱን ያጸናዋል።

እንዴት እናሳይ?

ኢንተርኔት በሌለበት አጥቢያ ቪዲዮውን በሕጋዊ መንገድ ከከተማ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ከጉባኤው በፊት መምህሩና አንድ የጤና፣ የግብርና ወይም የሳይንስ ባለሙያ ምእመን አብረው ይዩት። ፊልሙ በውጭ ቋንቋ ከሆነ በየአምስት ደቂቃው እያቆሙ በአማርኛ ያብራሩ። ከዚያም ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ምን አየን? ይህ በእኛ ዘንድ አለ ወይ? እስከሚቀጥለው ወር ምን እንሥራ? የመጨረሻው ጥያቄ ያልተመለሰበት ጉባኤ መዝናኛ ሆኖ ይቀራል።

በስልክ የሚዘዋወረውን ሁሉ ማመንም አይገባም። አዘጋጁ የማይታወቅ፣ የሚናገረውን እንዴት እንዳወቀ የማያስረዳ፣ ለበሽታ ሁሉ አንድ መድኃኒት አለኝ የሚል ወይም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቋርጡ የሚል ቪዲዮ ለምእመናን አይታይ። የዚህ ስሕተት ዋጋ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ፊልም ስለ ዓለም አጀማመር ሲናገር ወጣቶች ጥያቄ ያነሣሉ። ጥያቄውን ማፈን ጠያቂውን ማራቅ ነው። ሳይንስ ፍጥረት እንዴት እንደሚሠራ ይመረምራል፤ የሥነ ፍጥረት ትምህርታችን ደግሞ ፈጣሪውንና ዓላማውን ያስተምራል። ይህን ለይተው የሚያስረዱ መምህር በአዳራሹ ሊገኙ የሚገባቸውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ አጥቢያ በመጪው ሩብ ዓመት ከእነዚህ አንዱን ብቻ መርጦ እንዲያሳይና ከእርሱም አንድ ሥራ እንዲጀምር በአክብሮት እንጠይቃለን።