የበረሃው ፊልምና የብቸኛው እስረኛ ጥያቄ

እኛ የጅቡቲ ከተማ ነዋሪዎች ሙቀትን በሚገባ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው የሮድ ሰርሊንግ «ትዋይላይት ዞን» አንዱ ክፍል በሕዋ ውስጥ በግዞት የሚኖር እስረኛን ታሪክ ያወሳል። የተቀረጸው ግን በካሊፎርኒያ፣ የሞት ሸለቆ በተባለው በረሃ ነው፤ ሙቀቱም ሠራተኞቹን ክፉኛ አዳክሞ ነበር። ሸለቆው ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ይወርዳል፤ የእኛው አሳል ሐይቅ ደግሞ 155 ሜትር። ወደ ዝቅተኛ ሥፍራ የሚወርድ አየር እየታመቀ ይሞቃልና።

እስረኛው በሴት መልክ የተሠራች ሮቦት ተሰጥታው ወደዳት። ምሕረት ሲደረግለት ግን መንኮራኩሩ ከ15 ፓውንድ በላይ ዕቃ አይጭንለትም። አዛዡ ሮቦቷን በጥይት መታትና፣ «ትተህ የምትሄደው ብቸኝነትን ብቻ ነው» አለው።

ተማሪዎች ሆይ፣ የምታለቅስ ሮቦት ዕቃ ናትን? በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት።