ጉልበት ሲከዳ በስንት ይለካል?

ሶሎሎ ከማርሳቢት ወደ ሞያሌ ከሚወስደው አስፋልት ጥቂት ገባ ብላ፣ ለኢትዮጵያ ድንበር ተጠግታ ያለች የኬንያ ቦረናዎች ከተማ ናት። እዚህ አንድ አዛውንት ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ ዓመት ከመቁጠር ይልቅ የተወለዱበትን የአባ ገዳ ዘመን ቢጠሩ አይገርምም። ማዳ ጋልማ ካሉ ከ1952 እስከ 1960 (እንደ አውሮፓውያኑ) መሆኑ ነው። የኬንያ መንግሥት ኢኑዋ ጃሚ በተባለው የድጎማ ፕሮግራም በወር 2,000 ሽልንግ የሚሰጠው 70 ለሞላው ነው። የአንድ ገዳ 8 ዓመት ሰውየውን ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም ሊጥለው ይችላል።

ለነገሩ ዕድሜ ብቻውን ምን ይነግረናል? በዕድሜ እኩያ ከሆኑ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ከብት ይከተላል፣ ሌላው ከደጃፉ አይርቅም። ሐኪሞች ይህን ልዩነት ለመለካት ብዙ ደክመዋል። አሜሪካዊቷ ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ በ2001 አምስት ምልክቶች አስቀመጡ፦ ሳይፈልጉ በዓመት 4.5 ኪሎ ያህል መክሳት፣ ድካም፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየት፣ እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱ የተገኙበት ሰው አቅሙ ከድቶታል ይባላል።

እዚህ ሶሎሎ ግን ችግሩ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ምልክት ነው። ከ2020 መጨረሻ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ቦረና ከብቱን ቀበረ። ወተት ሲጠፋ ያልከሳ ማን አለ? በዚያ ላይ 4.5 ኪሎ ቀነሰ ለማለት የዓምናው ክብደት መመዝገብ ነበረበት። የጭብጡና የእርምጃው ወሰንም የተቆረጠው በአሜሪካ አዛውንቶች ልክ ነው።

ካናዳዊው ኬኔት ሮክዉድ በ2005 ያወጣው መለኪያ ለእንዲህ ያለ ቦታ ይሻላል ባይ ነኝ። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሰውየው ከመታመሙ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ተጠይቆ ደረጃ ይሰጠዋል። መለኪያው ሲወጣ 7 የነበሩት ደረጃዎች ዛሬ 9 ሆነዋል። ግን እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። «እማማ ማለብ ትተዋል» ሲባል ጣታቸው ዝሎ ነው ብሎ የሚጽፍ ነርስ ሊሳሳት ይችላል። ላሚቱ ሞታ ይሆናላ!

የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር 5 ጊዜ በ14 ሰከንድ ውስጥ መነሳትን ይጠይቃል። ይህስ ከላምም ከዝናብም ነፃ ነው። ብቻ ወንበር ሲል ጉልበት የሚያህለውን ማለቱ ነው፤ የእማማ በርጩማ ግን ከመሬት ብዙም አይርቅም፤ ከእሱ መነሳት ለጎረምሳም ሥራ ነው።